የምንዛሪ ለውጥና የባለሱቅ ሒሳብ

«ባለሱቁ ዕቃውን የገዛው በድሮው ዋጋ ነው፤ ታዲያ ስለ ምን ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ዘወትር ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በምሳሌ እናስረዳ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ አደረገ። ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

አንድ ነጋዴ በ10 ዶላር፥ ማለትም በ570 ብር ያስመጣውን ወረቀት ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ በ650 ብር ሸጠ እንበል። በመዝገቡ 80 ብር ትርፍ ይታያል፤ ዳሩ ግን ያንኑ ወረቀት ለመተካት ከ1,000 ብር በላይ ያስፈልገዋል። ትርፉን ባይነካው እንኳ መደርደሪያው ይጎድላል። በአንጻሩ ቡና ላኪው ከአንዱ ዶላር የበለጠ ብር ያገኛል።

ይህ ሲባል ግን ጭማሪ ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እናስተምር፦ ከዕቃው ወጪ ምን ያህሉ በዶላር ይከፈላል? ለመተካትስ ስንት ይፈጃል? እኛም ደመወዝተኞች ነንና ጭማሪው ያመናል፤ ቢሆንም ባለሱቁን ከማማታችን በፊት ሒሳቡን አብረን እንሥራ።