ታሪክን በእጅ ስለ ማስተማር
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ የሚሰጥበት መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ የነገሥታቱን ስምና ዘመን በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ልጆቹም ያንኑ በደብተራቸው ገልብጠው በፈተና ቀን ይመልሳሉ። ከፈተናው በኋላ በልባቸው ምን ያህል እንደሚቀር ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት በሌሎች አገሮች የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ልጆች የቀደሙ ሰዎችን ሥራ በገዛ እጃቸው እየሠሩ ታሪክን እንዲማሩ ማድረግ ነው። ስዊድናዊው አርቱር ሀዜሊዩስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓመተ ምሕረት በስቶክሆልም ከተማ ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ሲከፍት፥ ጥንታዊ ቤቶችን ከየአገሩ አስመጥቶ በሜዳ ላይ ካስተከለ በኋላ በውስጣቸው የድሮውን ሥራ እየሠሩ የሚያሳዩ ሰዎችን አኖረ። ከዚያም ወዲህ ዘዴው ወደ ብዙ አገር ተዛመተ።

እኛ ግን ለዚህ ሥራ ሙዚየም እስኪሠራልን መጠበቅ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ደባርቅንና ዳባትን፥ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ያሉትንም መንደሮች ብንመለከት፥ የጥንቱ ሥራ በዚያ ገና አልሞተም። የገበሬው ልጅ ሞፈርና ቀንበርን ከመጽሐፍ ይማር ዘንድ አያሻውም። በደባርቅ ከተማ የሚያድገው የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ግን፥ ደጃፉ ላይ ባና ለብሰው የሚያልፉትን አዛውንት እያየ፥ ያ ባና ከበግ ጠጉር እንዴት እንደ ተፈተለና እንደ ተሸመነ አያውቅም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ፥ ለአንድ ቀን እንኳ የገጠሩ ልጅ የከተማውን ልጅ ቢያስተምር ምን ይከፋል?

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በጃናሞራ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም በታሪካችን የታወቀች ናት። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ልጆቻችን ይህን ቀን በቃላቸው ይዘውት ይሆናል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ምን በልቶ ወደ ደጋው ወጣ? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ወፍጮ ነው። አንድ የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ወደ ክፍል ይግባና፥ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች እየተፈራረቁ በአንድ ክፍለ ጊዜ የተቆላ ገብስ ይፍጩ። ከዚያም የወጣውን በሶ ይስፈሩት፤ ያ ዱቄት ለስንት ሰው ስንቅ እንደሚበቃ፥ ለሺህ ወታደርም ስንት ፈጪ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ያውጡት። እጃቸው ውኃ የቋጠረ ልጆች፥ ከዘማቹ ኋላ እንስራና ማድጋ ተሸክመው እየተከተሉ ሌሊት ሲፈጩ ያድሩ የነበሩትን ሴቶች ከእንግዲህ አይረሱም። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ እነዚህ ሴቶች የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሞሌ ጨው ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ በትግራይ በኩል ይመጣ የነበረው አሞሌ ተከዜን ተሻግሮ፥ ሊማሊሞን በጭነት ከብት ወጥቶ፥ በደባርቅና በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር ይዘልቅ ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ የመኪና መንገድ እስኪያወጡበት ድረስ፥ ያ አቀበት የሚወጣው በእግርና በጭነት ከብት ብቻ ነበር። እንግዲህ መምህሩ ከጭቃ ወይም ከእንጨት አሞሌ ያሠሩ፤ 1780 የሚለው ዓመት የታተመበትን የማርያ ቴሬዛ ብርም ከወፍራም ወረቀት ያስቆርጡ። የክፍሉ አንድ ማዕዘን ጨው ሜዳው፥ ሌላው ዓድዋ፥ ሦስተኛው ጎንደር ይሁን፤ በየመካከሉም ኬላ ይቁም። ነጋዴ የሆነው ልጅ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ሲሄድ፥ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ መምጣቱን በእጁ ቆጥሮ ይረዳል። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፤ ጨውም በዝናብ ይሟሟል፤ ስለዚህ ነጋዴው መስከረም እስኪጠባ መቀመጥ አለበት። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ከዚህ የተሻለ መግቢያ ያለው አይመስለኝም።

በየካቲት 23 ልጆች ጋሻና ጦር ይዘው፥ የአርበኛ ልብስ ለብሰው ዓድዋን ማክበራቸው የሚያስደስት ልማድ ነው። ሆኖም ልብስ መልበስ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ደግሞም በእነዚህ ቀበሌዎች ጦርነትን በጨዋታ ማሳየት ጥንቃቄ ይሻል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ወላጁን ያጣ ልጅ ዛሬ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ለእርሱ የድልና የሽንፈት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ጦሩን ትተው ስንቁን፥ መንገዱንና ገበያውን ቢይዙ ይሻላል እላለሁ።

ሌላም ሊሸሸግ የማይገባ ነገር አለ። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ማረሻውን ቀጥቅጠው፥ ምጣዱንና ገንቦውን ሠርተው ጎረቤታቸውን ሲያገለግሉ፥ በምላሹ ቡዳ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ልጆች ጭቃ አቡክተው ገል ሲሠሩ ይህም ሊነገራቸው ይገባል፤ ያለዚያ እጃቸው የሠራውን ሥራ አፋቸው ሲንቀው ያድጋሉ።

ወጪውን በሚመለከት፥ ፈታዩም ሸማኔውም ሥራቸውን ትተው ስለሚመጡ የቀን አበል ሊታሰብላቸው ይገባል። ለባለሥልጣን ጉዞ አበል የሚከፍል መሥሪያ ቤት ለእነርሱ መክፈል አያቅተውም። ጊዜውም ከአገሩ ሥራ ጋር መስማማት አለበት፤ ገብስ የሚታጨደውና የሚወቃው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፥ የአውድማው ትምህርት በዚያን ጊዜ፥ የአሞሌው ትምህርት ደግሞ መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ቢሰጥ ይመረጣል። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ባለሙያዎች ግን ወቅት ሳይጠብቁ ዘንድሮ መጥራት ያስፈልጋል።