የባሕር ሙቀት ካርታ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

የዓለምን የአየርና የባሕር ሙቀት በቀይና በሰማያዊ ቀለም የሚያሳየው ካርታ አነባበቡን ላወቀ ነጋዴ ብዙ ይጠቅማል። ቀዩ ቀለም ሥፍራው በዚያ ወቅት ከነበረው የ30 ዓመት አማካይ ሙቀት በላይ መሞቁን፣ ሰማያዊውም ከአማካዩ በታች መቀዝቀዙን ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የፓስፊክ ውቅያኖስን የምድር ወገብ ነው። በዚያ ሙቀቱ ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኞ ይባላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ይኸው ሆነ፤ ጭማሪውም በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ከ2 ዲግሪ በላይ ደረሰ። በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናም ስለ ጐደለ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ለደቡቡ ግን ይኸው ቀይ ቀለም ሌላ ትርጉም አለው። በኤልኒኞ ዘመን የጥቅምትና የኅዳር ዝናም በደቡብ ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ እነዚህም ወራት የሲዳማ ቡና ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣባቸው ናቸው። ዝናም ሲበዛ ማድረቁ ይዘገያል፤ ጥራቱም ይጐዳል።

ስለዚህ የሐዋሳ ቡና ላኪ የማስረከቢያውን ቀን ከመቁረጡ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውም ባለሱቅ የእህል ውል ከመፈራረሙ አስቀድሞ፣ ካርታውን ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ጋር ቢያስተያይ ይበጀዋል። ካርታው ስለ ዝናሙ ማረጋገጫ አይሰጥም፤ ሆኖም ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ቀድሞ ይደርሳል።