703ን ለመሙላት

703 የሚባለውን ቁጥር እንውሰድ። ስድስት ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ 64 ይሆናሉ፤ ስድስት ሦስቶች ሲባዙ ግን 729 ስለሚሆኑ ከ703 ያልፋሉ። ስለዚህ 703ን በስድስተኛ ርቢዎች ድምር ለመሙላት ያሉን 64 እና 1 ብቻ ናቸው። 64ን አሥር ጊዜ ብንደምር 640 ላይ እንደርሳለን፤ የቀረውን 63 በአንድ በአንድ መሙላት ግድ ነው። በጠቅላላው 73 ቁጥሮች ሆኑ፤ ከዚያ ባነሰ አይሞላም።

ይህን ማንም ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ያሰላዋል። የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ ከ73 በላይ የሚጠይቅ ሌላ ቁጥር ይኖር ይሆን? ቁጥሮች ማለቂያ ስለሌላቸው ሁሉንም ፈትሾ መልስ መስጠት አይቻልም።

ነገሩን የጀመሩት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዋሪንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ቢበዛ የአራት ካሬዎች፣ የዘጠኝ ኩቦች፣ የ19 አራተኛ ርቢዎች ድምር እንደሆነና ለቀሩትም ርቢዎች እንዲሁ ጣሪያ እንዳለ ጻፉ፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጡም። የካሬውን ላግራንዥ በዚያው ዓመት አረጋገጡ። ለሁሉም ርቢ ጣሪያ መኖሩን ሂልበርት ያሳዩት በ1909 ነው። ጣሪያው ስንት እንደሆነ ግን ከእሳቸው ማረጋገጫ አይገኝም ነበር።

በሕንድ የቁጥር ሊቃውንት ሲነሱ የራማኑጃን ስም ይቀድማል። ሱባያ ሲቫሳንካራናራያና ፒላይ ከእሳቸው ጎን ሊጠሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ፒላይ በ1901 በደቡብ ሕንድ፣ ኩርታላም አጠገብ በምትገኘው ቫላም ተወለዱ። እናታቸውን በሕፃንነታቸው፣ አባታቸውንም ትምህርት ቤት ሳይጨርሱ አጡ፤ ትምህርታቸው ያልተቋረጠው ሳስትሪያር የተባሉ መምህራቸው ከኪሳቸው ስለረዷቸው ነው። በማድራስ ዩኒቨርሲቲ ከአናንዳ ራው ጋር ምርምር ጀመሩ፤ በ1929 ወደ አናማላይ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ማስተማር ያዙ። ትልቁን ሥራቸውን የሠሩት እዚያ ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ሩሲያዊው ቪኖግራዶቭ እጅግ ግዙፍ ለሆኑ ቁጥሮች የሚሠራ ብርቱ ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወሰን በታች ያሉት ቁጥሮች ግን በሌላ መንገድ መሸፈን ነበረባቸው። ፒላይ በአናማላይ፣ ዲክሰን በቺካጎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከሩ ይህን ክፍተት ለሰባተኛና ከዚያ በላይ ለሆኑ ርቢዎች ሞሉት፤ ጣሪያውን የሚያሰላ ቀመርም ቆመ። ለስድስተኛ ርቢ ቀመሩን ብንሞክረው 2 በስድስተኛ ርቢ 64፣ አንድ ተኩል በስድስተኛ ርቢ 11 ከምናምን፤ 64 እና 11 ተደምረው 2 ሲቀነስ 73።

ግን ስሌቱ ተስማማ ማለት ተረጋገጠ ማለት አልነበረም። ርቢው ባነሰ መጠን የቪኖግራዶቭ ዘዴ የሚተወው መላወሻ ይጠባል፤ በስድስት ላይ ስሌቱ ሁሉ ጥርስ የሚያስነክስ ነበር። ፒላይ አልተዉትም። በ1940 ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በ73 ስድስተኛ ርቢዎች እንደሚሞላ አረጋገጡ። ከ73 በላይ የሚጠይቅ አንድም ቁጥር የለም!

በ1950 በአሜሪካ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ለመገኘትና በፕሪንስተን ለመሥራት ተነሡ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አውሮፕላናቸው ከካይሮ እንደተነሣ በረሃ ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 55 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ፒላይ ገና 49 ዓመታቸው ነበር።

አምስተኛውን ርቢ ቻይናዊው ቸን ጂንግሩን በ1964 ዘጉት፤ መልሱ 37 ነው። አራተኛው፣ ዋሪንግ 19 ያሉት፣ እስከ 1986 ቆየ። ያረጋገጡትም ሁለት ፈረንሳውያንና ሕንዳዊው ባላሱብራማኒያን ናቸው።