ዳፍንት፣ ዚንክ እና የኩላሊት እጥበት

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ ከደብረ ታቦር እስከ እብናት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማየት የሚሳነው ሰው ሲያጋጥም ሕመሙ «ዳፍንት» ይባላል። ስሙ የቆየ ነው፤ ድርቅ በሚደጋገምበት እንደ እብናት ባለ ወረዳ ደግሞ ከምግብ እጥረት ጋር ያለው ዝምድና ለማንም አይሠወርም። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚታደለው የቫይታሚን ኤ እንክብል ዓላማም ይኸንኑ እጥረት መከላከል ነው። በመሆኑም ዳፍንት ሲባል የቫይታሚን ኤ እጥረትን፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲባል እንክብሉን ማሰብ የተለመደ ሆኗል። ይህ አስተሳሰብ በአብዛኛው ትክክል ነው። አንድ የሕሙማን ወገን ግን አለ፤ ይኸው አስተሳሰብ ሊጎዳው የሚችል። እርሱም ሕይወቱ በኩላሊት እጥበት፣ ማለትም በዲያሊሲስ፣ ላይ የተመሠረተ ሕመምተኛ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ ቫይታሚን ኤ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ መመልከት ያሻል። ቫይታሚኑ ሬቲኖል በተባለው ቅርጹ በውኃ ስለማይሟሟ ብቻውን በደም ውስጥ አይሄድም። ጉበት የሚሠራው ሬቲኖል ተሸካሚ ፕሮቲን ይዞት ይወጣል፤ ይህም ተሸካሚ ትራንስታይሬቲን ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ጥምረቱ ግዙፍ በመሆኑ በጤነኛ ኩላሊት ወንፊት አያልፍም። ተሸካሚው ሬቲኖሉን ለዓይንና ለሌሎች ሕዋሳት ካስረከበ በኋላ ግን ከጥምረቱ ይለያል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በኩላሊት ተጣርቶ ይፈርሳል። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ይህ የማፍረስ ተግባርም ይቆማል። ተሸካሚው በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከእርሱም ጋር የሬቲኖል መጠን ከጤነኛ ሰው በላይ ከፍ ይላል። የእጥበት መሣሪያውም ጥምረቱን ሊያስወጣው አይችልም፤ የማጣሪያው ቀዳዳዎች ለዚያ አልተሠሩም።

እንግዲህ በደሙ ውስጥ ቫይታሚን ኤ የተትረፈረፈበት ሰው በምሽት ማየት ቢሳነው ምን ይባላል? በላዩ ላይ 200,000 ዓለም አቀፍ አሐድ የያዘ እንክብል ቢጨመርለትስ? አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 3,000 አሐድ ገደማ ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ትርፉ በጉበትና በአጥንት ላይ ጉዳት ያስከትላል፤ ዳፍንቱም ባለበት ሊቀር ይችላል። የጎደለው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና።

ከሚጠረጠሩት አንዱ ዚንክ ነው።

በዓይን ውስጥ ያለው ብረት

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ በሙሉ ቢሰበሰብ ሁለት ግራም ያህል ነው፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አይበልጥም። መዳብ ከዚህም እጅግ ያንሳል፤ ሴሌኒየም ደግሞ በሚሊግራም ይቆጠራል። እነዚህንና መሰሎቻቸውን ኢምንት ማዕድናት እንላቸዋለን። መጠናቸው ኢምንት ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ በርካታ ኢንዛይሞች ሥራ ይፈታሉ።

ዚንክ በአካላችን ውስጥ በእኩል አልተሰራጨም። በከፍተኛ ክምችት ከሚገኝባቸው ሕብረ ሕዋሳት አንዱ ከዓይን በስተኋላ ያለው ሬቲናና ከሥሩ የተነጠፈው ቀለማም ንጣፍ ነው። የሌሊት ጉዞ የለመደ ሰው የውሻ ወይም የቀበሮ ዓይን በባትሪ ብርሃን ሲያበራ አይቶ ይሆናል። ያ ብርሃን የሚመለሰው ከሬቲና በስተጀርባ ካለ አንጸባራቂ ሽፋን ሲሆን፣ በእነዚህ እንስሳት ዘንድ ሽፋኑ ዚንክ በያዙ ክሪስታሎች የተሠራ ነው። የሰው ዓይን ይህ መስታወት የለውም፤ ዚንኩ ግን አለ። ጉበት ሬቲኖል ተሸካሚውን ፕሮቲን በበቂ መጠን እንዲያመርት ዚንክ ያስፈልጋል፤ በጨለማ ብርሃንን የሚቀበለው ሮዶፕሲንም ከዚንክ ጋር ይጣመራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጉበታቸው በታመመ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በቫይታሚን ኤ ያልተሻላቸው አንዳንድ ሕሙማን ዚንክ ሲሰጣቸው በጨለማ የማየት ችሎታቸው ተመልሷል። ለእኔ ይህ ውጤት የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው፦ አንድ ምልክት፣ ሁለት መንስኤ።

የእጥበት ሕሙማን ዚንክ ለምን ያንሳቸዋል? በቶኔሊና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ምርምር በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ማንጋኒዝ ከጤነኞች ያነሰ፣ መዳብ፣ እርሳስና ካድሚየም ደግሞ የበለጠ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። ብዙ ሰው «መሣሪያው አጥቦ ስለሚያወጣው ነው» ብሎ ይገምታል። ግምቱ በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። በደም ውስጥ ያለው ዚንክ አብዛኛው አልቡሚን ከተባለው ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በማጣሪያው አያልፍም። ትልቁ ምክንያት ገበታው ላይ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኛ ፖታሲየምና ፎስፎረስ እንዲቀንስ ይመከራል። በመሆኑም ሥጋ፣ ባቄላ፣ አተርና ወተት ይመጠናሉ፤ የጉና አካባቢ ድንችም እንዲሁ። ዚንክ በብዛት የሚገኘው ግን በሥጋና በጥራጥሬ ውስጥ ነው። የፎስፎረስን መመጠጥ ለመቀነስ ከምግብ ጋር ከሚዋጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የዚንክንም መመጠጥ ይቀንሳሉ። የረጅም ጾም ወራት ሲጨመሩበት ድርሻው ይበልጥ ይጠባል። ጤፍና ገብስ ዚንክ ባይጎድላቸውም ፋይቴት የተባለው ውሕድ አጥብቆ ይይዘዋል፤ እዚህ ላይ እርሾ ባለውለታችን ነው፣ ሊጥ ሲቦካ የፋይቴቱ አንድ ክፍል ይፈርሳልና።

ከዚህም በታች አፈሩ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2021 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የአማራ ክልልን ጨምሮ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ እህል የሚይዘው ዚንክና ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ የጤፍ ዓይነት በሁለት ወረዳ ሲዘራ አንድ ዓይነት ምግብ አይሆንም ማለት ነው። ሕመምተኛው ወደ እጥበት አልጋ ሲወጣ የአገሩን አፈር ጉድለት ይዞ ይወጣል።

ሴሌኒየም የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ይህ ማዕድን የዓይን ሌንስን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቀው የግሉታታይዮን ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም አካል ነው። በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን የዚህን ኢንዛይም ዓይነት በአብዛኛው የሚያመርተው ኩላሊት ራሱ ነው። ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም ማዕድኑ ቢኖር እንኳ ኢንዛይሙ ይቀንሳል። በእጥበት ሕሙማን ዘንድ የዓይን ሞራ መብዛቱ ከስኳር በሽታና ከዕድሜ ጋርም የተያያዘ ስለሆነ ሁሉንም በሴሌኒየም ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም።

ውኃው የሚያመጣው

እስካሁን ያየነው ጉድለቱን ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ይህም የሚመጣው በውኃው በኩል ነው።

በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት የሕመምተኛው ደም በስስ ሽፋን በኩል የሚገናኘው ፈሳሽ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሲሰላ 120 ሊትር ይደርሳል፤ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ጤነኛ ሰው በሳምንት የሚጠጣው ከ14 ሊትር ብዙም አይርቅም፤ እርሱም በአንጀት በኩል ተመርጦ ነው የሚገባው። በእጥበት ጊዜ ይህ መራጭ የለም። ከሽፋኑ ወዲያና ወዲህ ያለው የነጻው ማዕድን ክምችት ብቻ ነው አቅጣጫውን የሚወስነው። በደም ውስጥ ያለው ዚንክ በአብዛኛው በፕሮቲን የታሰረ ስለሆነ ነጻው እጅግ ጥቂት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ትንሽ ዚንክ ቢገኝ ወደ ደም ይገባል፣ እንደገባም በፕሮቲን ተይዞ ይቀራል። ማጣሪያው በዚህ በኩል የአንድ አቅጣጫ በር ይሆናል።

በ1972 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የተዘገበው ሁኔታ ለእኛ አገር አንባቢ በቀላሉ የሚታይ ነው። በቤቱ እጥበት የሚያደርግ ሕመምተኛ የተጠቀመበት ውኃ ዚንክ በተቀባ የቆርቆሮ ታንከር የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነበር። ማቅለሽለሽ፣ ትኩሳትና ከባድ የደም ማነስ ተከተሉ፤ ምክንያቱም የዚንክ መመረዝ ሆኖ ተገኘ። ለመጠጥ የማይጎዳ ውኃ ለእጥበት መርዝ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የእጥበት ውኃ መመዘኛዎች ዚንክን ከ0.1 ሚሊግራም በሊትር፣ አሉሚኒየምን ከ0.01 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጡ የሚገድቡት፤ ውኃውም በሪቨርስ ኦስሞሲስ እንዲጣራ የሚደረገው።

አሉሚኒየም ወደ ዓይን የደረሰበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የከተማ ውኃን ለማጥራት አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል። በ1976 እ.ኤ.አ. አልፍሬይና ባልደረቦቹ በእጥበት ላይ ሳሉ አእምሯቸው ተናግቶ በሞቱ ሕሙማን አንጎል ውስጥ ከፍተኛ አሉሚኒየም መገኘቱን አስታወቁ። ብረቱን ከሰውነት ለማውጣት ዴፈሮክሳሚን የተባለ መድኃኒት ይሰጥ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት አንዳንዶቹ በምሽት ማየት ተሳናቸው፤ ቀለም መለየት ያቃታቸውም ነበሩ። ጉዳቱ በሬቲና ላይ ታየ። መድኃኒቱ የሚይዘው አሉሚኒየምንና ብረትን ብቻ ሳይሆን ዚንክንና መዳብንም ጭምር በመሆኑ፣ ለዓይን ጉዳቱ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ ውኃው በመጣራቱ የመድኃኒቱ አስፈላጊነት ቀንሷል፤ ሲሰጥም መጠኑ አንሶ፣ ዓይን እየተመረመረ ነው።

ከእብናት የሚነሣ ሕመምተኛ እጥበት ለማግኘት በአዲስ ዘመን በኩል ወርዶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይጓዛል፤ ወደ ባሕር ዳር ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአገራችን ብዙዎች በወጪ ምክንያት በሳምንት ሦስቱን ጊዜ ወደ ሁለት ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቀዬው ተመልሶ ምሽት ላይ ዓይኑ ቢደክመው በመጀመሪያ የሚያማክረው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤትም የሚያውቀው እንክብሉን ነው። በእጥበት ላይ መሆኑን ሳይናገር እንክብሉን ቢወስድ ከላይ የተገለጸው ሁሉ ይደርሳል። ዚንክም ቢሆን በግምት የሚዋጥ አይደለም፤ ሲበዛ የመዳብን መመጠጥ ስለሚያግድ የደም ማነስን ያመጣል፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ደም ማነስ አስቀድሞም አለበት። የስኳር በሽታና የደም ግፊትም ሬቲናን ስለሚጎዱ የዓይን ሐኪም ማየቱ አይቀርም።

ሬቲናን ከሕያው ሰው ቆርጦ ዚንኩን መለካት አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመረኮዘው በደም ልኬት ላይ ነው፤ የደም ልኬትም በዓይን ውስጥ ያለውን በቀጥታ አያሳይም። ልኬቱም ቢሆን በቀላሉ ይሳሳታል። ናሙናው ከእጥበት በፊት መወሰድ አለበት፤ አልቡሚን ካነሰ ዚንኩም ያነሰ ይመስላል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት በናሙናው ውስጥ ከፈረሱ ደግሞ የበዛ ይመስላል። ተራ የደም መቅጃ ቱቦ የጎማ ክዳኑ ራሱ ዚንክ ስለሚለቅ፣ ለኢምንት ማዕድናት ምርመራ የሚውለው ባለ ጥቁር ሰማያዊ ክዳን ልዩ ቱቦ ነው።