የደም ቅዳ መደደር፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ትስስር

መግቢያ

አንዲት የ68 ዓመት እናት ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው የደም ግፊታቸው ሲለካ 172/74 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሆነ እንበል። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ አሥር ዓመት አልፏል። ካርዱን የሚጽፈው ባለሙያ የታችኛውን ቁጥር ተመልክቶ፣ «እማማ፣ የታችኛው ደኅና ነው፤ የላይኛው ከፍ ያለው በዕድሜ ምክንያት ነው» ብሎ ቢያሰናብታቸው ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይሆንም። ይሁን እንጂ የእኒህ እናት የታችኛው ግፊት ዝቅ ያለው ደም ቅዳዎቻቸው ጤናማ ስለሆኑ ሳይሆን የመለጠጥ ኃይላቸውን አጥተው ስለደደሩ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደም ቅዳ መደደር ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጋር ያለውን ትስስር ማስረዳት፣ እንዲሁም በየዕለቱ በምንጠቀምበት የግፊት መለኪያ እንዴት ልናስተውለው እንደምንችል ማመልከት ነው።

ጤናማ ደም ቅዳ ምን ይሠራል?

ብረት ቀጥቃጭ በአንድ ወናፍ ብቻ ቢነፋ እሳቱ በየመሐሉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለት ወናፎችን ያፈራርቃል፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይነፋል። በሰውነታችን ውስጥ የመጀመሪያው ወናፍ ልብ ሲሆን፣ ሁለተኛው አኦርታና ከእርሱ የሚነሡት ትላልቅ ደም ቅዳዎች ናቸው። ልብ ተኮማትሮ ደም ሲረጭ አኦርታ ተለጥጦ ከፊሉን ደም ይይዛል። ልብ ሲያርፍ ደግሞ አኦርታ ወደ ቀድሞ መጠኑ በመመለስ የያዘውን ደም ወደፊት ይገፋል። በዚህም የተነሣ በየትርታው የሚቆራረጠው የደም ፍሰት ቀጫጭን የደም ሥሮች ዘንድ ሲደርስ የተረጋጋ ይሆናል። የልብ ጡንቻም ከደም አቅርቦቱ አብዛኛውን የሚያገኘው ልብ በሚያርፍበት ጊዜ በመሆኑ ይህ ሁለተኛ ግፊት ለራሱ ለልብም አስፈላጊ ነው። አሠራሩን ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው ሥራው ገልጾታል፤ ኦቶ ፍራንክም እ.ኤ.አ. በ1899 በሒሳብ ቀመር አስቀምጦታል።

የመለጠጥ ኃይሉ የሚገኘው በደም ቅዳው ግድግዳ መካከለኛ ሽፋን ውስጥ ካለው ኢላስቲን ከተባለው ፕሮቲን ነው። ኢላስቲን በአብዛኛው የሚሠራው በፅንስነትና በልጅነት ዘመን ሲሆን ካረጀ በኋላ በቀላሉ አይተካም። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ፣ በ60 ዓመት ውስጥ ደግሞ ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል። በዚህ ሁሉ መለጠጥ የኢላስቲን ክሮች ቀስ በቀስ ይበጣጠሳሉ፤ ሸክሙም ኮላጅን ወደተባለው እጅግ ጠንካራና እምብዛም ወደማይለጠጥ ፕሮቲን ይተላለፋል። መደደር የምንለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። በደም ቅዳ የውስጠኛ ሽፋን ላይ ቅባት ተከማችቶ መተላለፊያውን የሚያጠበው በሽታና የመካከለኛው ሽፋን መደደር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ አብረው ቢገኙም አንድ አይደሉም። የደደረ አኦርታ ምንም ሳይጠብ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይራራቃሉ?

አኦርታ ሲደድር ልብ የሚረጨው ደም በቂ ማረፊያ ስለማያገኝ የላይኛው ግፊት ወደ ላይ ይወጣል። ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ወደፊት የሚገፋ የተጠራቀመ ደም አነስተኛ በመሆኑ ደግሞ የታችኛው ግፊት ይወርዳል። በተጨማሪም የትርታው ሞገድ በደደረ ግድግዳ ላይ በፍጥነት ይጓዛል። በአንገትና በብሽሽት ደም ቅዳዎች መካከል ሲለካ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ የመደደር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከቅርንጫፎች ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ ልብ ገና ደም እየረጨ ሳለ ስለሚደርስ በላይኛው ግፊት ላይ ሌላ ጫና ይጨምራል።

በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳሳየው እስከ 50 ዓመት ገደማ ሁለቱም ግፊቶች አብረው ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ግን የላይኛው መጨመሩን ሲቀጥል የታችኛው መውረድ ይጀምራል። በመሆኑም በአረጋውያን ዘንድ ይበልጥ የሚታየው የላይኛው ብቻ ከፍ የሚልበት የደም ግፊት ዓይነት ነው።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የትርታ ግፊት ይባላል። በጤናማ ጎልማሳ 40 ገደማ ሲሆን፣ በአረጋውያን 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የደም ቅዳ መደደርን ያመለክታል። በምሳሌያችን ያሉት እናት ልዩነታቸው 98 ነው። ሆኖም የልዩነት መስፋት ሁሉ ከመደደር የመጣ አይደለም። የአኦርታ ቫልቭ በሚገባ አለመዘጋት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና ትኩሳትም ልዩነቱን ያሰፋሉ። የቁርጥማት የልብ በሽታ በብዛት በሚገኝበት በሀገራችን፣ በተለይ ታካሚው ወጣት ሲሆን፣ ልብን ሳያዳምጡ ወደ ድምዳሜ መድረስ አይገባም።

የቱ ይቀድማል?

ከፍተኛ የደም ግፊት ግድግዳውን ያለ ዕረፍት በመለጠጥና በማወፈር ያደድራል። ለረጅም ጊዜ መደደር የግፊት ውጤት ብቻ ተደርጎ የታየውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍራሚንግሃም ጥናት የወጣ ዘገባ፣ አኦርታቸው የደደረ ነገር ግን የደም ግፊት ያልነበረባቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ በደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ በመነሻው የነበረው የግፊት መጠን በኋላ የሚከሰተውን መደደር አላመለከተም። እንግዲህ ግንኙነቱ የቀለበት ቅርጽ አለው፤ መደደር ግፊትን ያመጣል፣ ግፊትም መደደርን ያባብሳል።

የስኳር በሽታ በዚህ ቀለበት ውስጥ

በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። የሦስት ወር የስኳር መጠን የምናውቅበት የሂሞግሎቢን ኤ1ሲ ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲወገድ የተጣበቀው ስኳር አብሮት ይሄዳል። ኮላጅን ግን ለዓመታት ስለሚቆይ የተጣበቀበት ስኳር ክሮቹን እርስ በርስ አስሮ ያስቀራል። ስኳሩ ዘግይቶ ቢስተካከልም አሮጌው እስር ወዲያው አይፈታም። በዚህ ላይ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን የሚያመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ በመካከለኛው ሽፋንም ካልሲየም ይከማቻል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ደም ቅዳ ከባለቤቱ ዕድሜ ቀድሞ ያረጃል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በኩላሊትና በአንጎል ነው። እነዚህ አካላት ብዙ ደም የሚቀበሉና ለፍሰቱ አነስተኛ መከላከያ ያላቸው በመሆናቸው፣ አኦርታ ያላበረደው ትርታ ቀጫጭን ሥሮቻቸውን በቀጥታ ይደበድባል። ልብም የደደረ ቧንቧን እየገፋ ጡንቻው ይወፍራል፤ መጨረሻውም የልብ ድካም ሊሆን ይችላል።

በእግር ላይም የሚያሳስት ነገር አለ። ካልሲየም የተከማቸበት የቁርጭምጭሚት ደም ቅዳ በመለኪያው ማሰሪያ ስለማይጨፈለቅ ግፊቱ በሐሰት ከፍ ብሎ ይነበባል። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ሲካፈል ከ1.4 በላይ ቢሆን የእግሩ የደም ዝውውር ደኅና ነው ማለት አይደለም። እግሩን በዓይን ማየትና በእጅ መዳሰስ በምንም አይተካም።

ከጤና ባለሙያው ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ፣ ታካሚው አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ሆኖ፣ መጠኑ ተስማሚ በሆነ ማሰሪያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካ። አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ከቆሙ ከአንድና ከሦስት ደቂቃ በኋላም ሊለኩ ይገባል። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የመውደቅ አደጋ ስላለ መድኃኒቱ በጥንቃቄ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የላይኛው ግፊት ብቻውን ከፍ ቢል መታከም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ሼፕ የተባለ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ እንዲህ ያለ የደም ግፊት ያለባቸውን 4,736 ሰዎች ያካተተ ነበር። በክሎርታሊዶን የተጀመረው ሕክምና ስትሮክን በ36 በመቶ ቀንሷል። በስኳር ሕመምተኞች ላይ በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ጥናት ደግሞ አማካይ ግፊታቸው 144/82 የደረሰላቸው 154/87 ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ ስትሮክ በ44 በመቶ፣ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ሞትም በ32 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፣ ግፊትን መቀነስ በራሱ የግድግዳውን ሸክም ያቀላል። አምሎዲፒንና የታያዛይድ ወገን የሆኑ የሚያሸኑ መድኃኒቶች በአረጋውያን ጥሩ ውጤት አላቸው። በሽንት ውስጥ አልቡሚን ከተገኘ ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ይመረጣል። በአነስተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል። የታችኛው ግፊት ከ60 በታች ከወረደ፣ በተለይ የልብ ደም ቅዳ በሽታ ባለበት፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህ ግን የላይኛውን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።

አራተኛ፣ የጨው ምክር ከቤቱ ማዕድ ጋር ይዛመድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። በእኛ ቤት ግን ጨው ወጡ ላይ ብቻ ሳይሆን በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅም ስለሚገባ፣ «ጨው አይጨምሩ» ማለት አይበቃም። ምግብ የሚያዘጋጀውን የቤተሰብ አባል ጠርቶ ማነጋገር ይሻላል። ማጨስን መተውና አዘውትሮ በእግር መጓዝም ደም ቅዳን ይጠቅማሉ።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተጠቀሱት እናት የታችኛው ቁጥራቸው ደኅና መስሎ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምናገኛቸው ግማሽ አካላቸው ሰንፎ ሊሆን ይችላል። የትርታ ግፊትን ለማወቅ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ መቀነስ ይበቃል። እንግዲህ በካርዱ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ስንጽፍ ልዩነታቸውን ከጎናቸው የማስፈር ልማድ እናዳብር።