ተጨማሪ መረጃ፦ በርሜል ውስጥ የምትራባ ትንኝ

ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን ይህን ቀይራዋለች። ከእስያ የመጣችው ይህች ትንኝ ከተማ ይስማማታል፤ ሰው ለክፉ ቀን ብሎ በበርሜልና በሮቶ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተቀሰቀሰው ወባ ምክንያት ሆናለች።

እኛ ያለንበት የአዲስ አበባው መርካቶ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው የወባን ጥገኛ ተሕዋስ እድገት ይገታል፤ ሌሊት የምትነድፈን ቢንቢ በአብዛኛው እንቅልፍ የምትነሳ እንጂ ወባ የምታስተላልፍ አይደለችም። ቢሆንም እዚሁ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚደረደሩት ጣሳና ጀሪካኖች፣ ደጅ የተቆለሉ አሮጌ ጎማዎች ክረምት ላይ ውሃ ሲያቁሩ ለትንኝ ምቹ ናቸው። ጎማ በተለይ ያሳስባል። የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ኤደስ ኢጂፕታይ እንቁላሏን ከውሃው ጠርዝ ከፍ አድርጋ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ ከጎማው ጋርም አገር ያቋርጣል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ በብሩሽ መፈተግ አለበት።

የግቢያችሁን በርሜል ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጥላችሁ ሲያርፍበት እየተጥመለመሉ ወደ ታች የሚሰምጡ ቀጫጭን እጮች ካሉ፣ ትንኞቹ ገና አልበረሩም ማለት ነው። በሞቃት ቦታ እንቁላሉ ክንፍ እስኪያወጣ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ድፉ፣ ፈትጉ፣ በደንብ ክደኑ። ቆላ ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ በቤታችሁ ካለም፣ ትኩሳት ከያዘው ሳይውል ሳያድር የወባ ምርመራ እንዲያደርግ ንገሩት።