ፈረስ ለሩቅ መንገድ እንዴት ይዘጋጃል?

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ለማድረስም ቢሆን ግን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ እንመልከት።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጀመረ ቴቪስ የሚባል የፈረስ ጉዞ ውድድር አለ። ፈረሰኛው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። በየማረፊያው የእንስሳት ሐኪሞች ይጠብቃሉ። ፈረሱ ቢያነክስ፣ ወይም አርፎም ልቡ ባይሰክን ከውድድሩ ይወጣል። ጋላቢው «እኔ አልደከመኝም» ቢል ማንም አይሰማውም።

ለምን? ፈረስ ታዛዥ ስለሆነ ነው። ጌታው ከነዳው፣ ሌሎች ፈረሶችም ፊት ፊት ከሮጡ፣ ጉልበቱ ቢያልቅም ይከተላል። እንዲህ ሲሮጥ ወድቆ የሚቀር አለ። በቃ ማለት ያለበት ሰውየው ነው።

ታዲያ ዝግጅቱ እንዴት ነው? በእርምጃ ይጀመራል። ከዚያ ሶምሶማ፣ ቆይቶም ዳገት ይከተላል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ጊዜ አይጨመሩም። ልብና ሳንባ በጥቂት ወራት ይጠነክራሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ጥሩ ስለሆነ ፈረሱ የደረሰ ይመስላል፤ እግሩ ግን ገና ነው። ከከባድ ሥራ በኋላ ዕረፍት ይሰጠው፤ ሰውነቱ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው እኮ!

ፍርሃትም ጉልበት ይበላል። የደነገጠ ፈረስ ቆሞ ሳለ እንኳ ያልበዋል። ስለዚህ ወንዝና ድልድይ፣ የሰው ግርግርም አስቀድሞ በእርጋታ ይለማመድ። ዱላ ፍርሃቱን ይጨምርበታል እንጂ አያስተምረውም።

የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይበልጥ ጨው አለበት። በመንገድ ውሃ፣ በማረፊያም ሣርና ጨው አይጓደልበት። የጋለ ፈረስ ውሃ አይጠጣ የሚባለው ትክክል አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ለማንኛውም ፈረስ ያው ነው። መዳፍህን ከግራ የፊት እግሩ ክርን ኋላ፣ ደረቱ ላይ አድርግ። የልቡን ምት ለ15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል። ከጉዞ አቁመኸው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 16 ብትቆጥር፣ 16 በ4 ሲባዛ 64 ነው። ወደዚህ ወይም ከዚህ በታች ከወረደ ደህና ነው። ካልወረደ ኮርቻውን አውርድ፤ ጥላ ሥር አቁመው፤ ውሃ ደጋግመህ አፍስስበት። የዚያን ቀን መንገድ እዚያው ያብቃ። ሰው ነገም ይደርሳል፤ የወደቀ ፈረስ ግን አይነሣም።